ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ



የልደት በዓል በያዮ የሚውለው የቡናው ለቀማ በሚገባደድበት ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች የኢሉባቦር ከተማ ዙሪያ፣ ምእመኑ ጾመ ነቢያትን የሚጾመው ቅርጫቱን ይዞ በቡናው ጫካ ውስጥ ሲደክም ነው። ጾሙ በሚፈታበት ጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲጠበቅ የኖረው ገንዘብም በእጁ ይገባል። ስለሆነም በዓሉ ለያዮ ክርስቲያን አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በጾም ያፈራነውም ሆነ ከዛፍ የለቀምነው ፍሬ የሚጠቅመው ማንን ነው?

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ተከታዮቹን በጨውና በብርሃን መስሎ አስተምሯል። አበውም ጨው ለራሱ ሲል እንዲጣፍጥ፣ አለዚያ ግን ድንጋይ ነው ተብሎ እንደሚጣል ይመክራሉ። ይህ ምክር ላይ ላዩን ሲታይ ስለራስ ጥቅም የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ጨው የገዛ ጣዕሙን አይቀምሰውም፤ የሚቀምሰው ሌላው ነው። በኢሉባቦር ገጠር ቡናን በጨው የሚጠጣ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በስኒው ውስጥ ጨው አይታይም፤ የጎደለ እንደሆነ ግን የመጀመሪያው ጉንጭ ያጋልጣል። ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ለጎረቤቱ ካልጣፈጠ ራሱን ያጣል፤ ስሙ ጨው ሆኖ ግብሩ ድንጋይ ይሆናል።

ዛሬ አንዳንዶቻችን መልካም ተጽዕኖን በቁጥር ብዛትና በድምፅ ከፍታ ስንለካው እንታያለን። የበዓሉ ድምቀት፣ የልብሱ ንጣት፣ የሰልፉ ርዝመት የእምነታችን ምስክር ይመስለናል። ድምቀቱ የሚጠላ አይደለም። ሆኖም ግን በዚያው በኢሉባቦር ምድር የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ከዚህ የተለየ መለኪያ ያስተምሩናል።

የመጀመሪያው ከመቱ ብዙም በማትርቀው በጎሬ የሆነው ነው። በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ሚካኤል መንበራቸው ጎሬ ነበር። አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር ከተያዘች በኋላ ጎሬ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆነች። በ1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬ በደረሰ ጊዜ አባታችን ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው ሕይወታቸውን ሰጡ። ያ ብርሃን ከመቅረዙ ላይ ሳይወርድ ነደደ። መስዋዕትነቱም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ብቻ ሳይሆን በዚያች ምድር ለሚኖር ሁሉ ነበር።

ሁለተኛው ግን ስም የተጻፈለት ጀግና የለውም። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረሃብ ምክንያት ስድስት መቶ ሺህ ያህል ወገኖቻችን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ሠፈሩ። ከእነዚህም አያሌዎቹ ወደ ኢሉባቦር መጡ። ሠፈራው በመንግሥት ትእዛዝ የተፈጸመ ነበር፤ የሄደውም የተቀበለውም ፈቃዱ በወጉ አልተጠየቀም። ያም ሆኖ የአካባቢው ገበሬ ለማያውቀው እንግዳ ጎጆ ቀልሷል፣ መሬት አዘጋጅቷል፣ ካለው አካፍሏል። ከተቀባዩ መካከል ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱም ነበሩ፤ ከእንግዳውም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ልናፍርበት የማይገባ እውነት አለ። ክርስቲያኑ ለሌላው ጨው የመሆኑን ያህል፣ ሌላውም ለክርስቲያኑ መልካምነትን አስተምሮታል።

ዳሩ ግን ጨው አልጫ ሊሆን እንደሚችልም ተነግሮናል። በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ቀድሞ የኢሉባቦር አካል በነበረው በቡኖ በደሌ ዞን፣ በዴጋና በጮራ ወረዳዎች በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ከቤት ንብረታቸው ተፈናቅለዋል። አባቶች ጎጆ በቀለሱበት አገር ልጆች ጎጆ ሲፈርስ አዩ። እንዲህ ባለው ጊዜ ከክርስቲያን ቤት የሚወጣው ቃል ምን ዓይነት ነበር? ወሬ ሲራገብ ያበረደ ስንቱ ነው? ዝም ያለስ? ይህን እያንዳንዳችን በየሕሊናችን ልንመልሰው ይገባል።

ጨውነት የሚፈተነው ግን በክፉ ቀን ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱም ነው። የያዮ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ቡናው የሚያድገው እንደ ዋንዛና ብርብራ ባሉ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ጥላው ዛፍ ራሱ ቡና አያፈራም፤ ነገር ግን ሐሩሩን ተቀብሎ፣ ቅጠሉን ለአፈሩ መግቦ፣ ከሥሩ ያለው እንዲያፈራ ያደርጋል። ዛፉ ሲቆረጥ የማገዶው ጥቅም የአንድ ሰሞን ነው፤ ጉዳቱ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ክርስቲያንም በመንደሩ የጥላ ዛፍ እንዲሆን ተጠርቷል።

ይህ ጥሪ በያዮ ምን ይመስላል? ለቃሚው በኪሎ ሲከፈለው ሚዛኑ ትክክለኛ ይሁን። ቀይ ከበሰለው ጋር ጥሬው አይቀላቀል፤ በደረቁ ቡና ውስጥም ጠጠር አይገኝ። የቀን ሠራተኛው ደመወዙን ከበዓሉ በፊት ይቀበል፤ የእርሱም ልጆች የሚፈስኩበት ይኑራቸው። የቡናው ገንዘብ በመጠጥ ቤት ከማለቁ አስቀድሞ የልጆች ደብተርና የታማሚ መድኃኒት ይታሰብ።

አንዳንዱ፣ «እኔ ብቻ እውነተኛ ብሆን ነጋዴው ሁሉ ይበልጠኛል» ይል ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ለአንድ ሰሞን ሊበልጠው ይችላል። ነገር ግን ጨው ከወጡ አይበዛም፤ በዝቶ ሳይሆን ጥቂት ሆኖ ነው ድስቱን የሚያጣፍጠው። በገበያው አንድ የታመነ ሚዛን ካለ፣ ሌላው ሚዛን ሁሉ በእርሱ ይለካል፤ ሐሰተኛውም ሐሰቱ ይታወቅበታል።

በመሆኑም በዚህ የልደት በዓል ቡናው ሲፈላ ጎረቤት ሁሉ ይጠራ። የእምነት ልዩነት ያለውም፣ ቋንቋው የተለየውም፣ በ1977 የመጣው የእንግዳ ልጅም፣ ጎጆውን የቀለሰለት የባለአገር ልጅም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጡ። የተቀያየመም ካለ፣ ከሦስተኛው ስኒ በፊት ይታረቅ። ጌታችን የተወለደው በማደሪያ ቦታ ላጡ እንግዶች መካከል ነውና፣ ልደቱን የምናከብር እኛ እንግዳ የሚያርፍበት ጥላ፣ ጎረቤትም የሚቀምሰው ጨው ሆነን ልንገኝ ይገባናል።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልን።