ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት የሚገባ ቁጣ

በሲ.ኤም.ሲ. ሰፈር ሲመሽ፥ ልጁ እየሮጠ ሲቀበለው ፊቱን አጥቁሮ የሚያልፍ አባት ብናይ፥ የኀዘኑ መነሻ ከቤቱ ውስጥ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ነው። አለቃው በሰው ፊት ቢዘልፈው፥ ጧት ያዘዘውን ማታ ቢለውጥበት፥ የደከመበትንም ሥራ በራሱ ስም ቢያቀርበው፥ ሠራተኛው እዚያ ያልመለሰውን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» መባሉም ስለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ መፍትሔ ሳያገኝ ከቆየ ጭንቀት የሚመጣው መዛል፥ በሽታ ባይባልም፥ ከሥራ የሚነሣ ሁኔታ መሆኑን ገልጦአል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኖአል። አሠሪው ሰብአዊ ክብሩን የነካበት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ለማቋረጥ ይችላል፤ ሆኖም በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀርበታል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፤ ክብር ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ስለዚህ የተበደለው ሰው የሆነበትን ነገር ከነቀኑ በጽሑፍ ይያዝ፤ ለባለቤቱም ይንገራት እንጂ በዝምታው አያስጨንቃት። በሹመት ላይ ያላችሁ ሆይ፥ ያለ አግባብ የምትዘልፉት አንድ ሠራተኛ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ማታ በደጅ ቆሞ የሚጠብቀውን ልጁንም ጭምር ነው።