በጫካ መደበቂያ፣ በከተማ ማስታወቂያ

ጠመንጃን በገዛ እጅ ዥንጉርጉር ቀለም መቀባት በአሜሪካ ወንጀል አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «የሰው መብት ነካህ» ከሚለው የተለመደ ሙግት ለመገላገል ነው። የእኔ ጥያቄ ቀለሙ ምን ይናገራል? ለማንስ ይናገራል? የሚል ነው። ነገሩን የማነሣውም በዚህ አገር የምንኖር አንዳንድ ወገኖቼ ጠመንጃቸውን ሬንጀር አስመስለው ቀብተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከፉከራ ጋር ሲያሰራጩት ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

የሥራው ዘዴ ቀላል ነው። ካዝናው ይነቀላል፤ ጥይት አለመኖሩ ይረጋገጣል። ብረቱና ሰደፉ ከቅባት ይጸዳሉ። አፈሙዙ፣ የማነጣጠሪያው መስታወትና መለያ ቁጥሩ በፕላስተር ይሸፈናሉ። ከዚያ የማያብረቀርቅ፣ አሸዋ መሰል ቀለም በስሱ ይነፋል። ሲደርቅ ቅጠል፣ ሣር ወይም የልብስ ማጠቢያ መረብ ይጋደምበትና አረንጓዴውና ቡኒው ይከተላሉ። ቅጠሉ ሲነሣ ጥላው ብረቱ ላይ ይቀራል። ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ቀለምና አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃሉ። እጀ ብልህ የሠራው እንደ ሆነ ለዓይን ያምራል፤ ይህን አልክድም።

ምክንያትም የለውም አልልም። በሣርና በቁጥቋጦ መካከል ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ጥቁር ጠመንጃ ከሩቅ ይጋለጣል። በኢራቅና በአፍጋኒስታን የተዋጉ አሜሪካውያን ወታደሮች መሣሪያቸውን አሸዋማ የቀቡት ለዚህ ነው። መሰወር የወታደር ጥበብ ከሆነ ቆይቷል። እንግሊዞች በ1840ዎቹ መጨረሻ በሕንድ ያቋቋሙት ጦር አቧራ የሚመስል ካኪ መልበስ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ በዘመተው ሠራዊት ውስጥም ካኪ የለበሱ የሕንድ ወታደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ የፈረንሣይ ጦር ሠዓሊዎችን ሰብስቦ መድፍና ምሽግ የሚሰውር ክፍል አደራጀ። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ጠላት አለ፤ ጠላትም ይተኩሳል፤ ስለዚህ መደበቅ ተገቢ ነው።

አዳኙስ? የዱር ተርኪ ቀለም አጥርቶ የሚያይ ወፍ ስለሆነ አዳኙ ቢሸሸግ አልፈርድበትም። የአጋዘን አደን ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። በቨርጂኒያ በጠመንጃ አጋዘን በሚታደንበት ወቅት አዳኙ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ከ2017 ወዲህም ቢሻው ደማቅ ሮዝ እንዲለብስ ሕግ ያስገድደዋል። አጋዘን ብርቱካናማውን ከአረንጓዴው አጥርታ አትለይም፤ ሌላው አዳኝ ግን ከሩቅ ያየዋል። የሕጉ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ የያዘ ዜጋ ከአውሬ ቢሰወር ምንም አይደለም፤ ከሰው ግን ሊሰወር አይገባውም። ጫካ ውስጥ እንኳ ከወገንህ ዓይን አትደበቅ እያለው ነው።

ይህን ይዘን ወደ ከተማ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 በሪችመንድ፣ በቨርጂኒያ ምክር ቤት ዙሪያ፣ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ረቂቆችን የሚቃወም ወደ 22,000 የሚገመት ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ሰልፉ በሰላም ተፈጽሟል፤ እውነቱ መነገር አለበት። ሆኖም ከሰልፈኞቹ መካከል ሬንጀር ለብሰው፣ ረጃጅም ጠመንጃ አንግበው የመጡ በርካቶች ነበሩ። በአስፋልትና በድንጋይ ሕንፃ መካከል የቅጠልና የሣር ሥዕል ማንን ይሰውራል? ማንንም! እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እርሱ ነው። በጫካ መደበቂያ የሆነው ቀለም በከተማ ማስታወቂያ ይሆናል፤ የሚያስታውቀውም «እዚህ ጠላት አለ» የሚለውን ነው። በከተማ መካከል ከጎረቤት በቀር ማን አለና ነው ጠላቱ?

«መሣሪያ ማስጌጥ የአባቶቻችን ባህል ነው» የሚሉኝ አሉ። ባህሉ እውነት ነው፤ ምስክርነቱ ግን ለእነርሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 አድዋ የዘመቱት መኳንንት ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው፣ በብር የተለበጠ ጋሻ ይዘው ነበር። ያ ጌጥ ባለቤቱን ያሳውቃል እንጂ አይሰውርም። ፎካሪው የራሱን፣ የአባቱን፣ የፈረሱንም ስም ይጠራ ነበር፤ ቢጀግን የሚመሰገነው፣ ቢሸሽም የሚወቀሰው በዚያው ስም ነው። የጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች በዱር በገደል ቢሸሸጉ ወራሪው በእርግጥ አገራቸው ውስጥ ስለነበረ ነው። የዛሬው ባለ ቀለም ግን በቤቱ ጋራዥ ቆሞ፣ ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በሐሰት ስም ይፎክራል። ይህን ከአባቶች ጋር ማመሳሰል አባቶችን መስደብ ነው።

ወገኖቼ፣ ነገሩ የቀለም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ የተጀመረው ጦርነት እስከ ኖቬምበር 2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ የበላውን ሕዝብ ሳንቀብር፣ በ2023 በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተቀጣጠለ። ያን የጋራዥ ፎቶግራፍ አገር ቤት ያለ የ17 ዓመት ልጅ በስልኩ ያየዋል። የእኛው ሰው ቀለሙ እስኪደርቅ ቡናውን ይጠጣል፤ ልጁ ግን እውነተኛ ጥይት ወደሚተኮስበት ይሄዳል። ቢሞት እናቱ ታለቅሳለች፤ ባለ ፎቶግራፉ «ጀግና አይሞትም» ብሎ ጽፎ ሥራው ይገባል። ከሩቅ ሆኖ በሰው ልጅ ሕይወት መጀገን ከፈሪነት ሁሉ የከፋው ፈሪነት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ተርኪ የምታድን ከሆነ ቀባው፤ ማንም አይከለክልህም። ቤትህን ለመጠበቅ ከገዛኸው ግን በር ላይ ለሚደርስ ሌባ ቅጠል መምሰል አያስፈልግህም፤ የሚያስፈልግህ ልጆችህ የማይከፍቱት የተቆለፈ ሣጥን ነው። ለፎቶግራፍ ከሆነ ደግሞ ያን ሥዕል ከማሰራጨትህ በፊት አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፦ ይህን ቀለም የቀባሁት ከየትኛው ጠላት ለመደበቅ ነው? በስም የምትጠራው ጠላት ጎረቤትህ ወይም ወንድምህ ሆኖ ካገኘኸው፣ መጽዳት ያለበት ጠመንጃው ብቻ አይደለም።

ልብ ያለው ልብ ይበል።