«ይጠገናል» የተባለ ብረት

ጋሸና መገንጠያ ላይ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ጎረቤቴ ስልኩን አቀበለኝ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ነው፤ አሮጌ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነጠላ ላይ ተጋድሟል። እጀታው በሽቦ ተጠፍሯል፣ ብረቱ በዘይት ታሽቶ ያብለጨልጫል። «ትንሽ ነገር ነው የጎደለው፤ ይጠገናል» አለኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎች እየተጫረቱበት እንደሆነ ሻጩ ነግሮታል። ሁለቱን ሰዎች ያያቸው የለም።

«ይጠገናል» የምትለዋን ቃል ነው የምጣላት። እንዲህ ባለው ሽጉጥ ጥይት የሚሸከመው ቋት ይሽከረከራል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ በተራው ከአፈሙዙ ጋር ልክ መግጠም አለበት። ቋቱን የሚያስቆመው ጥርስ ከተበላ እርሳሱ ጠርዙን ገጭቶ ይላጣል፤ ፍንጣሪው የሚያርፈው ተኳሹ ላይ ወይም አጠገቡ የቆመው ላይ ነው። ይህ በፎቶ አይታይም። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ሽጉጥ በኢንተርኔት ጨረታ ገዝቶ ማደስ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። መለዋወጫ አለ፣ ለክቶ የሚሠራ ባለሙያ አለ። እኛ ዘንድ ጠጋኙ ማረሻ የሚያሾልልን ባለ እጅ ነው። ለማረሻ እጁ ወርቅ ነው፤ ለዚህ ግን መለኪያውንም መለዋወጫውንም ማን ሰጠው? ያለ ፈቃድ መያዙም ሆነ መሸጡ በ2012 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የሚያስጠይቅ መሆኑን ሳንጨምር ነው።

ብረት ወዳዶቹ ታሪክ ይጠቅሱብኛል፤ ይጥቀሱ። የላስታና የዋግ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በሐምሌ 1863 ዓድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ፣ ሲሸነፉ የጦራቸው ብዛት ከካሳ ጦር እጅግ ይበልጥ ነበር። ለካሳ ያደላው፣ እንግሊዛዊው ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ዘመቻ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደው ጠመንጃና መድፍ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ! ግን የታሪኩን ግማሽ ይዘሉታል። ካሳ ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ ይዘው ሠራዊታቸውን አሠልጥነዋል፤ ጥይቱም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ነው የመጣው። ጎረቤቴ ከሻጩ ጥይትም ሥልጠናም አልተሰጠውም።

በቅድመ አያቶቻችን ፉከራ የገነነው ውጅግራም ቢሆን ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነ አንድ ጎራሽ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትታጠቅ አሮጌው በነጋዴ እጅ ወዲህ ወረደ። ያኔ ከነጥይቱ ነበር የወረደው። ዛሬ 11 ሚሊ ሜትሩን ጥይት የት ይፈልጉታል? ያለ ጥይት ደግሞ ውጅግራ ከከባድ ዱላ አይሻልም፤ ዱላ እንዲያውም ይቀላል።

አንድ መከራከሪያ ግን ያስቆመኛል። «በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ደጃችን ሲደርስ ማን ጠበቀን?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ጋሸና ተይዛ እስከ ኅዳር 2014 ድረስ ምሽግ የተቆፈረባት ከተማ ነበረች። ፍርሃቱን አልንቅም፣ እኔም ነበረብኝ። ግን ያን ክረምት ከተራራ ተራራ ሲያጓራ የሰማነው መድፍ ነው። በሽቦ የተጠፈረ እጀታ ለመድፍ ምን ይመልሳል? አባቶች «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ትጥቅ ሳይሆን አይቀርም።

ገንዘቡ ደግሞ የሚመጣው ከበሬ ነው። ጎረቤቴ ከጥማዱ አንዱን ሊሸጥ አስቧል። አንድ በሬ የቀረው ሰው በመቀናጆ ያርሳል፤ ተራው እስኪደርስ ዝናቡ አይጠብቀውም። «ከማን ጋር ልትቀናጅ ነው?» አልኩት። ስልኩን ተቀብሎኝ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። ጥይት ይኖር እንደሆነ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቆት ነበር፤ መልስ አልመጣም።