ቁራኛው አንዱን ወገን ብቻ ለምን ያስራል?

የኢኮኖሚክስ መምህራችን በ2008 ስለ ደረሰው የዓለም የገንዘብ ቀውስ ባስተማሩን ዕለት ማታ፥ በመኝታ ክፍላችን እስከ እኩለ ሌሊት የዘለቀ ክርክር ተነሥቶ ነበር። (የውጭ አገር ዓመታትን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።) ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ከባንክ ተበድሮ ቤት ገዛ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤቱ ዋጋ ወርዶ ከዕዳው በታች ሆነ። ልሽጠውና ልገላገል ቢል ዕዳው አያልቅለትም፤ ልያዘው ቢል ደመወዙ አይበቃውም። እንዲህ ላለው ሰው ምን ይፈረድለት? ከመካከላችን የሚበዛው ወገን «የተበደረ ይክፈል! ቤቱ ቢረክስበት የገዛ ዕድሉ ነው» ብሎ ፈረደ። እኛም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች እጃችንን ያወጣነው ከዚሁ ወገን ጋር ነበር። ዛሬ ግን ፍርዳችንን ለማንሣት እንወዳለን፤ ምክንያታችንንም ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንየው። ባልና ሚስት 300 ሺህ ዩሮ የሚያወጣ ቤት ለመግዛት 270 ሺህ ዩሮ ተበደሩ እንበል። ሲከፍሉ ቆይተው ዕዳቸው 260 ሺህ በደረሰ ጊዜ የቤቱ ዋጋ ወደ 150 ሺህ ወረደ። ቤቱን ቢሸጡት፥ ቤትም ሳይኖራቸው የ110 ሺህ ዩሮ ዕዳ ይቀርባቸዋል። ይህ ለምሳሌ ያህል የሠራነው ሒሳብ ቢሆንም ከእውነቱ የራቀ አይደለም። በአየርላንድ በ2007 ጣሪያ ደርሶ የነበረው የቤት ዋጋ እስከ 2013 ድረስ ግማሽ ያህሉን አጥቶ ነበርና።

የዋጋው መውረድ ብቻውን ቤተሰብ አያፈርስም። ወርኃዊ ክፍያውን መክፈል የሚችልና ቤቱን መልቀቅ የማያስፈልገው ሰው ክፉውን ቀን ችሎ ሊያሳልፈው ይችላል። መከራው የሚመጣው ሥራ ሲጠፋ፥ ሕመም ሲገባ ወይም ትዳር ሲፈርስ ነው። በደኅናው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ቤቱን ሸጦ ዕዳውን ዘግቶ በኪራይ ቤት ኑሮውን እንደገና ይጀምር ነበር። አሁን ግን መውጫው በር ተዘግቶበታል።

እዚህ ላይ በአገራችን የነበረውን የጥንት ሥርዓት እናስታውስ። ባለዕዳው እስኪከፍል ድረስ ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ ይኸውም ቁራኛ ይባላል። ጨካኝ ሥርዓት ነበርና ተመልሶ ይምጣ የሚል ከመካከላችን አንድም የለም። ይሁን እንጂ ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። አበዳሪውም ባለዕዳው በሄደበት ይሄዳል፥ ባደረበት ያድራል፤ ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ እርሱም ይፈልጋል። የዛሬው የቤት ብድር ውል ግን በብዙ አገር ሰንሰለቱን ያጠለቀው በአንዱ ወገን እጅ ብቻ ነው። ቤቱ ይህን ያህል ያወጣል ሲባል አምኖ ገንዘቡን የሰጠው ባንኩም ነው። ግምቱ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ኪሳራው በተበዳሪው ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ስፔንን እንመልከት። በዚያ አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1911 መሠረት ባለዕዳ ዛሬ ባለው ብቻ ሳይሆን ወደፊት በሚያገኘው ንብረት ጭምር ይጠየቃል። ቤቱ ለሐራጅ ቀርቦ ተጫራች ሲጠፋ ባንኩ በግምቱ እኩሌታ ዋጋ ሊወስደው ይችል ነበር፤ በ2011 ይህ ልክ ወደ 60 ከመቶ ከፍ ተደረገ። የቀረው ዕዳ ከነወለዱ ባለዕዳውን ይከተለዋል። ከሞሮኮ የመጣ አንድ ስደተኛ ሠራተኛ በ2007 138 ሺህ ዩሮ ተበድሮ፥ መክፈል ሲያቅተው በ2011 ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። እርሱ ግን ዝም አላለም። ክሱ እስከ አውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ ፍርድ ቤቱ በ2013 የስፔን ሥርዓት ከኅብረቱ ሕግ ጋር አይስማማም ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም ዳኛው የውሉን አግባብነት እስኪመረምር ድረስ ማስለቀቁን ለማገድ ሥልጣን አልነበረውም።

በዚሁ አገር በ2009 በባርሴሎና የቤት ዕዳ ያጠቃቸው ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። በስብሰባቸው ላይ ሰው ተነሥቶ የገዛ ዕዳውን በአደባባይ ይናገራል፤ ብቻዬን ነኝ ብሎ ሲሸማቀቅ የኖረው ሁሉ የእርሱ ቢጤዎች አዳራሽ ሞልተው ያገኛቸዋል። «ቤቱን ያስረከበ ከዕዳው ይፈታ» የሚል ሕግ እንዲወጣም ከ1 ሚሊዮን 400 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስበው ለምክር ቤት አቀረቡ። ምክር ቤቱ በጠየቁት መልክ አልተቀበለውም። ቢሆንም በ2015 በቅን ልቡና ለከሠረ ሰው ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ ሕግ ወጣ። በአየርላንድም የከሠረ ሰው ከዕዳው ነጻ ለመውጣት 12 ዓመት ይጠብቅ ነበር፤ በ2012 በወጣው ሕግ ይህ ወደ 3 ዓመት፥ በ2016 ደግሞ ወደ 1 ዓመት ወረደ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት እንኳ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የመኖሪያ ቤቱን በብድር የገዛ ሰው ቤቱ ከተወሰደበት በኋላ ለቀሪው ዕዳ እንዳይጠየቅ በሕግ ተደንግጓል። እንግዲህ የሰንሰለቱን ሁለተኛ ጫፍ ለአበዳሪው ማስያዝ የሚቻል ነገር ነው።

ተቃዋሚዎቻችን «የባንክ ገንዘብ የአስቀማጩ ሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ባለዕዳ ሁሉ ከተማረ ማን ያበድራል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አበዳሪው የኪሳራው ተካፋይ መሆኑን ሲያውቅ ብድሩ ሊያንስና ሊወደድ እንደሚችል አንክድም። ነገር ግን ያን ጊዜ ባንኩ ከማበደሩ በፊት ግምቱን ሁለት ጊዜ ይመረምራል። ደግሞም የአየርላንድ ባንኮች በከሠሩ ጊዜ መንግሥት 64 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ከሕዝብ ገንዘብ አውጥቶ አዳናቸው። ባንክ ሲከስር ኪሳራው የሁሉም፥ ቤተሰብ ሲከስር ግን የራሱ ዕድል ነው ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

«ይህ የሰው አገር ወሬ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዋሽንግተንም በስቶክሆልምም በብድር ቤት ይገዛሉ። እዚህም የጋራ መኖሪያ ቤት በባንክ ዕዳ የያዘው ወገን ብዙ ነው፤ እኛም ነገ ደመወዝ ስንይዝ ከዚያው ወረፋ እንቆማለን። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ሊሸጥ እንደሚችል ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? ብዙዎቻችን የቤት ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይተን አናውቅም። የአየርላንድ ሰዎችም እስከ 2007 ድረስ እንደዚሁ ነበሩ።

ሕግ እስኪሻሻል ድረስ ግን ባለዕዳው ዛሬ የሚያድርበት መላ ያስፈልገዋል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ባል ከሚስቱ፥ ሚስትም ከባሏ ዕዳ አይደብቁ፤ ያለውን ዕዳ ሁሉ ከነወለዱ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ከሁሉ አስቀድሞ የልጆች ምግብና ትምህርት፥ መብራትና ውሃ ይታሰብ። የቤቱን ዕዳ ለመክፈል በአራጣ መበደር እሳትን በጭድ ማጥፋት ነው። ክፍያው ከመቋረጡ በፊት ወደ ባንኩ ሄዶ ወርኃዊው እንዲቀነስ ወይም ዘመኑ እንዲረዝም መጠየቅ ይገባል፤ ዘመኑ ሲረዝም ጠቅላላው ወለድ እንደሚበዛም ማወቅ ያሻል። ቀሪው ዕዳ መሰረዙ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ቁልፍ አለማስረከብ፥ ወላጆችንም ቤታቸውን ዋስ አስይዘው እንዲገቡበት አለመለመን ብልኅነት ነው።

ይህን ምክር ከመንገድ ዳር የሚያገኝ ባለዕዳ ጥቂት ነው። በአየርላንድ ከ1992 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ነጻ የዕዳ ምክር አገልግሎት አለ። በኛ ዘንድ ዕድሩ ለሞት ይደርሳል፥ ዕቁቡ ለሠርግና ለንግድ ይደርሳል፤ ዕዳ የተጫነው ሰው ግን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን ይህን እንዲያስብበት እናሳስባለን። የሕግና የሒሳብ ተማሪዎች በመምህሮቻቸው እየተመሩ በሳምንት አንድ ቀን፥ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት፥ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበር ይዘው ይቀመጡ። የብድር ውሉን ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ያንብቡለት፥ ያስሉለት፥ ለባንኩ የሚጽፈውን ደብዳቤ ያርቅቁለት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜያችንን ነው። መምህሮቻችን ፈቃደኛ መሆናቸውን በሚቀጥለው ዕትም ቢያሳውቁን፥ እኛ ስማችንን ለማስመዝገብ የመጀመሪያዎቹ እንሆናለን።