እግረኛው የየትኛው ከተማ ነው?

ስለ ከተማ እድገት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው አስፋልት ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ስንት ቀረ እንላለን። ጥያቄው በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በአገራችን አብዛኛው ሰው መኪና የለውም፤ የሚሄደው በእግሩ ነው። ያ ሁሉ አውቶቡስና ታክሲ ባለበት በአዲስ አበባ እንኳን ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ የእግር ጉዞ ነው። በነቀምቴና በዙሪያዋ ባሉት ትናንሽ ከተሞች ደግሞ ከዚህ ያንሳል ብሎ የሚከራከር የለም። ታዲያ ለዚህ ለብዙኃኑ መንገደኛ የታቀደለት መንገድ የታለ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ሐሳብ ለውይይት ማቅረብ ነው። ይኸውም ከጉቴ ተነስቶ በነቀምቴ አልፎ ወደ ዲጋ የሚዘልቅ፣ አጎራባቾቹ አስተዳደሮች በጋራ የሚያቅዱት የእግረኛና የሳይክል መንገድ ያስፈልገናል የሚል ነው። ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ መሬቱ ተሸንሽኖ ሳያልቅ!

ነቀምቴን ያቆማት እግር ነው

ታሪክ ብንጠቅስ፣ ነቀምቴ ገናና የሆነችው በመኪና መንገድ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በሞሮዳ በከሬና በልጃቸው በኩምሳ ሞሮዳ ዘመን፣ ከተማዋ የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች። የወለጋ ቡና፣ ማርና ወርቅ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፣ ከዚያም ወደ ሰሜን የሚሄደው በሰው እግርና በአጋሰስ ጀርባ ነበር። ዛሬ ልንጎበኘው የምንሄደው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

ዛሬስ? ዛሬም በገበያ ቀን ማለዳ ከነቀምቴ መውጫ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ያንኑ ነው። እናቶች ቅቤና እንቁላል ይዘው፣ ወንዶች እህል የጫነ አህያ እየነዱ፣ ተማሪዎች ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይመጣሉ። ልዩነቱ፣ የሲራራው ነጋዴ መንገዱ የራሱ ነበር፤ የዛሬው እግረኛ ግን የሚሄደው በሰው መንገድ ዳር ነው። በአስፋልቱ ላይ አይሱዙና ሚኒባስ ይበራል፣ ከአስፋልቱ ዳር ቦዩ አለ፣ ከቦዩ ወዲያ ማሳ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያ ቀይ አፈር ጭቃ ይሆንና እግረኛው ሳይወድ በግዱ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ነቀምቴ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ መሆኗን አንርሳ። እዚህ ክረምት ማለት የዓመቱ ትልቅ ክፍል ነው። «የግራህን ይዘህ ሂድ» የሚለው የትራፊክ ምክር ጥሩ ምክር ነው፤ የሚያዝ ግራ ሲኖር!

የሁሉም መንገድ፣ የማንም ያልሆነ

ችግሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። በእኔ እይታ ዋናው ችግር የወሰን ነው።

ጉቴ በአዲስ አበባ መስመር ከነቀምቴ በግምት 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በዋዩ ቱቃ ወረዳ ውስጥ ትገኛለች። በጊምቢ መስመር ወደ ምዕራብ ሲኬድ ዲጋ ወረዳ ይመጣል። ነቀምቴን የሚያጎራብታት ደግሞ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። እነዚህ ሁሉ በምሥራቅ ወለጋ ዞን ውስጥ ያሉ፣ ሰዎቻቸው የሚጋቡ፣ ገበያቸውና ሆስፒታላቸው አንድ የሆኑ አካባቢዎች ናቸው። በወረቀት ላይ ግን ለየብቻ ናቸው። ዋናው አስፋልት የፌዴራል በመሆኑ የሚመለከተው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ነው። የከተማው የውስጥ ለውስጥ መንገድ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ማሳ የገበሬው ይዞታ ሲሆን የሚያስተዳድሩት ቀበሌውና ወረዳው ናቸው። እግረኛው ግን የማን ነው? ከጉቴ ሲነሳ የዋዩ ቱቃ፣ መሃል ላይ የጉቶ ጊዳ፣ ሲደርስ የነቀምቴ ነው? እንዲህ ከሆነ ለሁለት ሰዓት ተኩል ጉዞው ሦስት ባለቤት አለው ማለት ነው። እውነቱ ግን አንድም የለውም።

የማንኛውም ከተማ መዋቅራዊ ፕላን የሚሠራው እስከ ከተማው ወሰን ድረስ ነው። ኮብልስቶኑም ሆነ የእግረኛ ንጣፉ ከዚያ በላይ አያልፍም። ሕጉ ይህንን ክፍተት አላየውም ማለት ግን አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከእያንዳንዱ ከተማ ፕላን በላይ የክልል የከተማ ልማት ፕላን የሚባል እርከን አስቀምጧል። ሐሳቡ አጎራባች ከተሞች ለየብቻ እያቀዱ እንዳይጋጩ ነው። ይሁን እንጂ በተግባር ስለ አጎራባችነት የሚታሰበው ለትልቅ መንገድና ለኢንዱስትሪ ቦታ እንጂ ለእግር መንገድ አይደለም። የእግር መንገድ ትንሽ ነገር ተደርጎ ይታያል።

ለምን ዛሬ?

እስቲ በቁጥር እንየው። ለእግረኛ 2 ሜትር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለሚሄድ ሳይክል 3 ሜትር፣ ለውኃ መውረጃ ቦይ ደግሞ 1 ሜትር ብንይዝ የመንገዱ ስፋት 6 ሜትር ይሆናል። ከጉቴ እስከ ነቀምቴ በ12 ኪሎ ሜትር ስናባዛው 72,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 7.2 ሄክታር ይመጣል። ለሦስት አስተዳደሮች ይሄ ብዙ መሬት አይደለም። በዚያ ላይ የተወሰነው ክፍል በአስፋልቱ የመንገድ ክልል ውስጥ ሊያልፍ ይችላል።

ነገር ግን ይሄ ስሌት የሚሠራው መሬቱ ማሳ ሆኖ እስካለ ድረስ ነው። ከተሞቻችን የሚያድጉት በመንገድ ዳር ነው። መጀመሪያ አንድ ሱቅ፣ ቀጥሎ ጋራዥ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ አጥር ይመጣና ሁለት ከተሞች ሳያስቡት ይገናኛሉ። ያን ጊዜ 6 ሜትር ለማግኘት ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ለባለይዞታው ካሳ መከፈል አለበት። የማሳ ጠርዝ ካሳና የቤት ካሳ አንድ አይደለም፤ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ የሰው ኑሮ ይናጋል። ዛሬ በካርታ ላይ አንዲት መስመር አስምሮ «ይህቺን አትንኩ» ማለት ሲቻል ያኔ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በአገራችን ነገሩ አልተጀመረም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ከመኪና ነፃ የሆነ ቀን ተጀመረ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ፣ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ብሔራዊ ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የሳይክል መስመር ይዞ መጣ፤ ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል። ይህ በበጎ የሚታይ ነው። የሚታይበትም ጉድለት አለ። አንደኛ፣ የሚሠራው በከተማ እምብርት ላይ ነው፤ አንዱን ከተማ ከሌላው አያገናኝም። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ባለመታቀዱ ብዙ ሰው ከመኖሪያው ተነስቷል። ከላይ «ዛሬ» ያልኩት ለዚህ ነው።

ከተሞችን የሚያገናኝ መንገድ ስንሠራ እግረኛውን እንዴት እንደምናየው ለማወቅ የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ ማየት ይበቃል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ መንገድ ትልቅ ሥራ ነው። እግረኛ ግን አይገባበትም፤ በአጥር የተከለለ ነው። በእርግጥ የፍጥነት መንገድ እንዲህ መሆን አለበት። ጥያቄው «ከአጥሩ ውጪ የቀረው ሰው በየት ይሂድ?» የሚለው ነው።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በጀርመን የሩር አካባቢ ከዱይስቡርግ እስከ ሃም ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሳይክል አውራ ጎዳና ታቅዷል። መንገዱ ብዙ ከተሞችን ያቋርጣል። ሐሳቡን ያስተባበረው አንድ ከተማ ሳይሆን የከተሞቹ የጋራ ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1920 እ.ኤ.አ. ነው። በሙልሃይምና በኤሰን መካከል ያለው ክፍል በ2015 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። እዚህ ክፍል ላይ ሥራው የቀለለው ባቡር የማይሄድበት አሮጌ ሐዲድ ስለነበረ ነው። ቦታው ባልተጠበቀበት በኩል ግን ሥራው እየተጓተተ ነው። ሀብታሟ ጀርመን እንኳ የተያዘ መሬት ላይ መንገድ ማውጣት ከከበዳት፣ እኛ ገና ያልተያዘውን ለምን እናስይዛለን?

ግን እኮ…

የሚነሱ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ሳይክል ማን አለው?» ይባላል። ልክ ነው፣ ጥቂት ሰው ነው ያለው። ግን በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብዙ ሰው ሳይክል የሚነዳው ሀብታም ስለሆነ ነው እንዴ? መሬቱ ሜዳ ስለሆነና መንገዱ ስለሚመች ነው። እዚህም ቢሆን ልጆች በሰዓት እየተከራዩ ይነዳሉ፤ ከተማውን ለቀው መውጣት ግን አይደፍሩም። በ12 ኪሎ ሜትር ላይ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው በሳይክል አንድ ሰዓት አይሞላም። በየቀኑ ከጉቴ ለሚመላለስ ተማሪ ይሄ ልዩነት ትምህርት በማቋረጥና ባለማቋረጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። በተለይ ለሴት ተማሪ። እቤት ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ የምትወጣ ልጅ ሰዓት የላትም። «ሴት ልጅ ሳይክል ትነዳለች ወይ?» የሚለውም ቢሆን መንገዱ ሲኖርና ሁለት ሦስት ልጆች ሲጀምሩት የሚረሳ ጥያቄ ነው።

«ወለጋ ተራራ ነው፣ ሳይክል አያስኬድም» የሚለው ጠንከር ያለ ነው። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ምዕራብ ሲኬድ መሬቱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ግን የሳይክል መንገድ የግድ አስፋልቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ መውጣት የለበትም። ኮንቱሩን ተከትሎ ሊዞር ይችላል። ተዳፋቱ ከመቶ 5 እንዳይበልጥ፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ሜትር ከ50 ሜትር በላይ እንዳይወጣ አድርጎ መስመር ማውጣት እዚሁ ክፍላችን የምንማረው ነገር ነው። ደግሞም የአገሬው አህያ ነጂ ይህንን ከኛ በፊት ያውቀዋል፤ የድሮ የእግር መንገዶችን ብንከተል ግማሹ ሥራ ተሠርቶ እናገኘዋለን።

ሦስተኛው የሰላም ጉዳይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ የተከሰተው ግጭት ሕይወት ቀጥፏል፣ ብዙዎችን አፈናቅሏል፣ መንገድም ዘግቷል። በዚህ መሃል ስለ ሳይክል ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። ትራንስፖርት ሲቆም ሕዝቡ የተጓዘው በምንድን ነው? በእግሩ አይደለም እንዴ? በተጨማሪም ያቀረብኩት ነገ ጠዋት ግንባታ ይጀመር የሚል ሐሳብ አይደለም። መስመሩን ማጥናትና መሬቱን ማስከበር ዛሬ ይቻላል፤ ግንባታው አካባቢው ሲረጋጋ ሊከተል ይችላል። ሰላም ሲመጣ ደግሞ ባዶ እጃችንን አንጠብቀውም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የነቀምቴ ከተማ አስተዳደርና የሚያጎራብቱት ወረዳዎች በዞኑ አስተባባሪነት አንድ የጋራ ኮሚቴ ያቋቁሙ። አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ ካሉት የመሬትና የመንገድ ባለሙያዎች አንዳንድ ሰው ቢወከል ይበቃል። በአዲስ አበባ ዙሪያ እነ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። እኛ ጋ መጠቃለል የግድ አይደለም፤ በአንድ ካርታ ላይ መስማማት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ከጉቴ–ነቀምቴ ይጀመር። መጀመሪያ በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ጥሩ ቦይና በየጅረቱ ትንሽ ድልድይ ቢኖር ለጊዜው ይበቃል። ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ሊሠራው የሚችል ነው። ዳርና ዳሩ ዋንዛ ቢተከልበት ደግሞ ጥላም ይሆናል፣ ወሰንም ይሆናል። ባጃጅ እንዳይገባበት መግቢያው ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ መቆም አለበት፤ ካልሆነ በሳምንቱ የባጃጅ መንገድ ሆኖ እናገኘዋለን። አህያም መታሰብ አለባት። ገበያተኛውን ጋብዞ አህያውን መከልከል አይቻልም።

ሦስተኛው እኛን ይመለከታል። እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ በቁጥር ካልተደገፈ ማንም ቢሮ አይሰማውም። የክፍላችን ተማሪዎች በየዓመቱ ለመስክ ሥራ ይወጣሉ። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱልን ዘንድሮ አንዱን የመስክ ሥራ ለዚህ እናድርገው። በጉቴ መውጫ፣ በመሃልና በነቀምቴ መግቢያ ላይ፣ አንድ የገበያ ቀንና አንድ ተራ ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት እግረኛውን እንቁጠር። ስንቱ ተማሪ ነው? ስንቷ ሸክም ይዛለች? ስንት አህያ፣ ስንት ሳይክል? ከዚያ በጂፒኤስ ነባሮቹን የእግር መንገዶች ለቅመን ካርታ እናውጣ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና የሁለት ቀን እግር ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ጉቴ ብቻዋን፣ ዲጋ ብቻዋን፣ ነቀምቴም ብትሆን ብቻዋን ይህንን መንገድ አትሠራውም። የሚያገናኛቸው ሕዝብ ግን በየቀኑ እየሄደ ነው፤ ወሰኑ የት እንደሆነ ጠይቆም አያውቅም። የካርታው ረቂቅ በእኛ እጅ ቢሠራ ምናለ? ሐሳቡን የሚደግፍም ሆነ የሚቃወም በሚቀጥለው እትም ቢጽፍበት ደስ ይለኛል።

ቸር ይግጠመን!