እናትን መክሰስ ይብቃ

ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ባዶው ምሽግ» በተባለ መጽሐፉ የኦቲዝምን ጥፋት በወላጆች፣ ይልቁንም በእናት ላይ ጣለ፤ ልጁ በራሱ ዓለም የተሸሸገው ፍቅር ስለተነፈገ ነው አለ። ሐሰት ነው። ያን ጊዜም ሐሰት ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያውና የኦቲስቲክ ልጅ አባት በርናርድ ሪምላንድ ምክንያቱ ሥነ ሕይወታዊ ነው ብሎ የተከራከረው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ተመራማሪዎቹ ፎልስታይንና ረተር ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት የ21 ጥንድ መንትዮች ጥናት፣ ተመሳሳይ ከሆኑት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ተመሳሳይ ካልሆኑት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም አልታየም። የመንትዮች እናት አንድ ናት! የእናት ፍቅር ማነስ ይህን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም፤ የዘር ውርስ ግን ያስረዳል።

ክሱ እኛ ዘንድ እርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት እየተባለ ይኖራል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ልጆች ይህ ክስ በሚያመጣው ኀፍረት ከቤት ተደብቀው በሚያድጉበት አገር ነው።

ይህ ክስ ከጦርነት የምትሸሽ እናትንም ሊያገኛት ይችላል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ብዙ ኦቲስቲክ ልጆችን ከባድ ድምፅ ያሳምማቸዋል፤ የለመዱት ሲፈርስ ይጨነቃሉ። ከዚያች ከተማ በመድፍ መካከል ልጇን ይዛ የወጣች እናት፣ ሱዳናዊት ትሁን ኢትዮጵያዊት፣ በፍቅር ማነስ ልትከሰስ ነው?

በመተማ በኩል ከሱዳን የሚመጡ ተፈናቃዮችን የምትቀበሉ ሁሉ፣ ልጁ ሲጮህ ጸጥ ያለ ጥግ ስጡት፤ ቀጥሎ የሚሆነውን በሥዕል አሳዩት። እናቱን «ምን አድርገሽው ነው?» አትበሏት። «ምን ያረጋጋዋል?» ብላችሁ ጠይቋት።