ድንኳኑ አንድ ዓመት ይቆየን፤ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆቻችን መጽሐፍ ይገዛ



እንደሚታወቀው ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን ከማኅበሩ ሣጥን የተረፈችው ገንዘብ ለምን ትዋል በሚለው ጉዳይ ሰፊ ክርክር ተደርጎ ሳይቋጭ አድሯል። አብዛኛው አባል አዲስ ድንኳንና ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ይገዛ ብሏል። እኛ ቃለ ጉባኤ ያዥ በመሆናችን በዚያች ዕለት አፋችንን ይዘን ብዕራችንን ስናንቀሳቅስ ዋልን። አሁን ግን የልባችንን በዚህች ሰሌዳ ላይ ለመግለጽ እንወዳለን። ድንኳኑ ተጥፎ አንድ ዓመት ይቆየናል። በገንዘቧ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆቻችን የንባብ መጽሐፍ ይገዛ እንላለን።

ይህን የምንለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ስብሰባ መነጽራችን ተሰብሮብን ስለነበር፣ በር ላይ ቆሞ የነበረ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እንዲያነብልን ጠራነው። የሥጋ ዘመዳችን ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ በሒሳብ ከክፍሉ የሚቀድመው የለም። ነገር ግን አንዱን ቃል ከሌላው እያጋጨ፣ «ውሳኔ» የምትለዋ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰናክሎ ላብ አሰመጠው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኛ ግን ሳቁ አልመጣልንም። ኋላ ለብቻው ጠርተን «ከትምህርት ቤት መጽሐፍህ ሌላ ምን አንብበሃል?» ብንለው «ሌላ ምን አለ?» ብሎ መለሰልን። እውነቱን እኮ ነው፤ ምን አለ?

እኛ የተማርነው እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ይህንንም የምንጽፈው ተምረናል ለማለት አይደለም። ዳሩ ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በግ ስንጠብቅ ሽፋኗ የወለቀ አንዲት መጽሐፍ ነበረችን፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»። ከታላላቆቻችን የወረስናት ነች። በእሷ ተጠምደን በጎቹ የሰው ገብስ ገብተውብን ተገርፈናል። እየደጋገምን ስናነባት ግጥሙ በቃላችን ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም ሆነ ጋዜጣ ሲሰጡን አንደነግጥም። ከ6ኛ ክፍል ተነሥተን የማኅበር ጸሐፊ ያደረገችን እሷ ናት ብንል አላጋነንም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው የተባለ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደንግጦ ነበር። ገሚሱ መምህሩን፣ ገሚሱ ልጁን፣ ገሚሱም መንግሥትን ወቀሰ። እኛ እንደሚመስለን ግን ጥያቄውን አንብቦ መረዳቱ ራሱ አንድ ትምህርት ነው፤ እሱም 12ኛ ክፍል ሲደረስ የሚጀመር አይደለም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት ውለዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በልጁ እጅ የሚቀረው ምንድን ነው? ቤት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ካለ ቢያንስ የያዘውን ፊደል አይረሳም።

ምን ይገዛ ለምትሉን፤ ከ«ታሪክና ምሳሌ» ይጀመር። ከበደ ሚካኤል እዚሁ ሰሜን ሸዋ የተወለዱ ሰው ናቸው። ታሪኮቹ አጫጭር ስለሆኑ ልጅ በአንድ ቁጭታ አንዱን ይጨርሳል፤ መጨረሱ ደግሞ ደስ ይለዋል። አንዳንድ ቃሉ ጠጠር ይላል፤ ያን ጊዜ አያቱን ይጠይቅ፤ ለአያቱም ጨዋታ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» ይምጣ። በ1948 ዓ.ም. የወጣች የተረት መጽሐፍ ናት፤ ተረት ደግሞ የመንዝ ልጅ በእሳት ዳር የለመደው ነገር ስለሆነ አይከብደውም። ልጅን በወፍራም መጽሐፍ ማስጀመር ጥጃን እንደ በሬ መጥመድ ነው፤ አንገቱን ይሰብረዋል።

አሁን ወደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እንምጣ። እሳቸው የጎረቤታችን የመርሐቤቴ፣ የዴን ልጅ ናቸው። ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል፤ «ጎሐ ጽባሕ» የሚባል ማተሚያ ቤትም አቁመዋል፤ በ1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር ዐርፈዋል። ይህን ሁሉ ከልጆቻችን ስንቱ ያውቃል? እኛም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በ1924 ዓ.ም. ጽፈዋል። ከበደ ሚካኤልም ኋላ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል መጽሐፍ አውጥተዋል። ሁለት የሰሜን ሸዋ ሰዎች ስለ አንድ ሩቅ አገር ይህን ያህል ማሰባቸው ይገርመናል።

ከኅሩይ መጻሕፍት ለ8ኛ ክፍል የምንመርጠው ግን በ1925 ዓ.ም. የወጣውን «አዲስ ዓለም»ን ነው። አወቀ የሚባል ልጅ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለስና አባቱ ሲሞት ለተዝካር ድግስ የሚፈሰው ሀብት ምን ያደርጋል ብሎ ከዘመድ ጋር ይጣላል። የመርሐቤቴው ሰው ይህን ከጻፉ ዘጠና ዓመት አልፏል፤ እኛ ግን ዛሬም ስለ ብረት ድስት እንከራከራለን። ቅር የሚለው አባል ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ግን መጽሐፉን አንብቦ ይምጣና እንነጋገር።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ለ7ኛ ክፍል አይሆንም። 8ኛ ክፍል ላይ ንባብ የያዘው ይሞክረው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማችሁ እናቶችና አባቶች ታስታውሳላችሁ፤ ሬዲዮ ያለው ቤት እንደ ሰርግ ቤት ይሞላ ነበር ይባላል። እንዲሁ አንድ ልጅ እያነበበ ቤተሰቡ ቢያዳምጠው ምን ይላል? የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ም ይጨመር፤ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋ ገብተው ልጅ ምኒልክን ይዘው መሄዳቸውን የሰማ የእኛ አገር ልጅ ስለ ንጉሡ ማወቅ ይወዳል። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍትም አሉ። አንዳንድ ወላጅ «ይህ ምን ያስተምራል?» ይላል። ምንም ባያስተምር ልጁን ሌሊት በኩራዝ ያስቀምጠዋል፤ ለእኛ ይበቃናል።

መጽሐፍ በስልክ አለ የምትሉም አላችሁ። አለ፤ ቴሌግራም ላይ ተገልብጦ ይላካል። ለደራሲው ግን አምስት ሳንቲም አይደርሰውም፤ ስልኩ ያላቸውም ጥቂት ልጆች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ሁለት ገጽ ሳያነቡ ወደ ጭፈራው ይዞራሉ።

ትልቁ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «የጋራ መጽሐፍ ይጠፋል፤ ቅጠሉ ተገንጥሎ በርበሬ መጠቅለያ ይሆናል» ተብሏል። እንግዲህ ጓሳን ማን ጠበቀው? አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው፣ ደንብ የጣሰውን ቀጥተው ለአራት መቶ ዓመት ያህል አኑረውታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፤ ኋላም ሕዝቡ ራሱ እንደገና ደንብ አውጥቶ ይዞታል። ሣርን ያህል ነገር በደንብ የጠበቀ አገር ሃያ ሠላሳ መጽሐፍ መጠበቅ ያቅተዋል ወይ? በእኛ በኩል ደንቡን ጽፈናል። አንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ያጠፋ ወላጅ ይተካል። ሴት ልጆች ውኃና እንጨት ስለሚይዛቸው ሦስት ሳምንት ይሰጣቸው፤ ተራም ይቅደማቸው።

ቁልፍ ግን አናበዛም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በመጻሕፍት የተሞላ ቁም ሣጥን በዓይናችን አይተናል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ተዛውሮ ከሄደ ከርሟል። በመስታወቱ በኩል ሲታይ አብዛኛው ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። የሰጡንን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን በአማርኛ ያልጨከነ ልጅ በእንግሊዝኛ ከየት አምጥቶ ይጨክናል?

ራቅ ላሉት ሠፈሮች ደግሞ መላ አለ። ሐዋሳ ላይ የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ድርጅት መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ዘንድ ያደርስ ነበር። የመንዝ ዳገት ጋሪ አይሆነውም፤ የእኛ አህያ ግን ጭነት ታውቃለች። ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው አንድ ከረጢት መጽሐፍ ቢጨምርባት አትከብዳትም።

ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ ጉዳዩ እንደገና ድምፅ እንዲሰጥበት በአክብሮት እንጠይቃለን። ደብረ ብርሃን የሚወርድ አባል ካለ የመጻሕፍቱን ዋጋ ጠይቆ ይምጣልን፤ ዋጋ ሳንይዝ መከራከር አይሆንም። ቤቱ ያነበበው መጽሐፍ የተቀመጠለትም ለጸሐፊው ቢያስረክብ በመዝገብ ተቀብለን እንፈርማለን።

በመጨረሻም፤ ባለፈው ክረምት ከእኛ ቤት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተዋሰ ሰው አለ። ጀርባው በባና ፈትል የተሰፋ ነው። ማን እንደወሰደው ስለረሳን እንጂ ቅጣት የለበትም፤ ይመልስልን፤ የመጀመሪያው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
መሐል ሜዳ